የትራክ መኪና በሞተርሳይክል ሞተር፦ ዘይት እንዳይቋረጥ የትኛው መፍትሔ ለየትኛው መኪና?

ሞተርሳይክል ኩርባ ሲገባ ይጋደማል። በመጋደሙ የመሬት ስበትና ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ተደምረው ወደ ሞተሩ ወለል ያመለክታሉ፤ ዘይቱም ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ) እምብዛም አይነቃነቅም። ያው ሞተር አራት ጎማ ባለው ሻንሲ ላይ ሲታሰር መጋደሙ ይቀራል። ዘይቱ ኩርባ በተገባ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ የፓምፑ መሳቢያ አፍ ይጋለጣል፣ ፓምፑም በዘይት ፋንታ አየር ይገፋል። በደቂቃ 11,000 ዙር ላይ ግማሽ ሰከንድ አየር ማለት ክራንክ ሻፍቱ ዘጠና ጊዜ ያለ አዲስ ዘይት ዞረ ማለት ነው። የቢየላ (ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚናዎች፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸው ስስ ማረፊያዎች፣ ዘይት የሚደርሳቸው ከሁሉ መጨረሻ፣ በክራንክ ሻፍቱ ቀዳዳዎች በኩል ስለሆነ መጀመሪያ የሚቃጠሉትም እነሱ ናቸው።

ሃያቡሳ፣ ያማሃ አር1፣ ጂኤስኤክስ-አር 1000 ወይም ፋየርብሌድ ሞተር መኪና ላይ የሚገጥም ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ባፍል (ኮፓው ውስጥ ዘይቱን የሚገድብ ላሜራ) ይበቃል፣ አኩሙሌተር (በግፊት ዘይት የሚያጠራቅም ሲሊንደር) ይጨመር፣ ወይስ በቀጥታ ወደ ድራይ ሳምፕ (ዘይቱ ከሞተሩ ውጭ በታንክ የሚቀመጥበት ሥርዓት) ይኬድ? መልሱን የሞተሩ ስም ብቻ አይሰጥም። መኪናው ስንት ጂ (1 ጂ ከመሬት ስበት ጋር እኩል ነው) የጎን ኃይል ያወጣል፣ ያንን ለስንት ሰከንድ ይይዛል፣ ሞተሩስ ወደየት ዞሮ ተቀምጧል? ምርጫውን የሚወስኑት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ዘይቱ የት ይሄዳል?

1 ጂ የጎን ኃይል የዘይቱን ገጽ 45 ዲግሪ ያዘነብለዋል። 1.2 ጂ ላይ 50 ዲግሪ፣ 1.5 ጂ ላይ 56፣ ስሊክ (ጥርስ የሌለው የውድድር) ጎማና ክንፍ ያለው መኪና በሚደርስበት 2 ጂ ላይ ደግሞ 63 ዲግሪ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ወርዱ 200 ሚሊሜትር፣ መሳቢያው መሀል ላይ የሆነ ኮፓ አለ እንበል። ሞተሩ ጠፍቶ ዘይቱ 50 ሚሊሜትር ጥልቀት አለው። 1 ጂ ላይ ዘይቱ ወደ ውጭኛው ግድግዳ ተሰብስቦ ከወለሉ 141 ሚሊሜትሩን ብቻ ይሸፍናል፤ መሳቢያው ባለበት መሀል ላይ ግን አሁንም 41 ሚሊሜትር ዘይት አለ። ይህን ያየ ሰው ይረጋጋል። ነገር ግን ሞተሩ ሲሠራ ከዘይቱ ቀላል የማይባለው ክፍል ኮፓው ውስጥ የለም፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ፣ በካምቢዮው ማርሾች መካከል፣ በፍሪሲዮኑ ቅርጫት ዙሪያና በግድግዳዎቹ ላይ ነው። ጥልቀቱ ወደ 30 ሚሊሜትር ከወረደ 1 ጂ ላይ መሀል የሚቀረው 10 ሚሊሜትር ያህል ነው። 1.2 ጂ ላይ ምንም አይቀርም።

ይህም መሳቢያው መሀል ላይ ሲሆን ነው። በብዙ ሞተር ግን ወደ አንድ ጎን ያደላል፤ መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ጤነኛ ሆኖ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግፊቱ የሚወርደው ለዚህ ነው። በዚሁ ምሳሌ 1.2 ጂ ላይ ዘይቱ በውጭኛው ግድግዳ በኩል 120 ሚሊሜትር ሽቅብ ይወጣል። እዚያ የሚጠብቀው እየተሽከረከረ ያለው ክራንክ ሻፍት ወይም ፍሪሲዮን ነው፤ ዘይቱን መትቶ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ የሆነ ዘይት ወደ መሳቢያው ቢመለስ እንኳ ብሮንዚናውን እንደ ንጹሕ ዘይት አይሸከምም።

ፍጥነቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። የእነዚህ ሞተሮች የዘይት መጠን በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ሊትር ነው። ፓምፑ በከፍተኛ ዙር በደቂቃ 40 ሊትር ቢገፋ በየሰከንዱ ከ0.6 ሊትር በላይ ያልፋል፤ ሞተሩ ውስጥ ያለው 3.5 ሊትር በአምስት ሰከንድ ገደማ ሙሉ ዙር ይጨርሳል ማለት ነው። ስለዚህ ረጅም ኩርባ ላይ ወደ ኮፓው የሚመለሰው ዘይት በአንድ ጥግ ከታገደ መሳቢያው ያለው ክምችት ቶሎ ያልቃል።

ሞተሩ ወደየት ዞሯል?

ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ባፍል ከመግዛት በፊት መመለስ ያለበት ግን ይህ ጥያቄ ነው። በእነዚህ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ክራንክ ሻፍቱ ከሞተርሳይክሉ ጉዞ አግድም ይተኛል። ዘይቱ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት፣ ጋዝ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ ጎን ግን እምብዛም አይሄድም። ሞተርሳይክል በፍሬንም ሆነ በጋዝ ከ1 ጂ ብዙ አይርቅም፤ ከዚያ በላይ ጎማው ከመሬት ይነሳል። ፋብሪካው ኮፓውንና መሳቢያውን የቀረጸው በዚህ ልክ ነው።

ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ ሆኖ በሰንሰለት የኋላ ጎማዎችን የሚነዳ ከሆነ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለፎርሙላ ስቱደንት ውድድር የሚሠሯቸው መኪኖች በብዛት እንዲህ ናቸው) ክራንክ ሻፍቱ እንደ ሞተርሳይክሉ አግድም ይቀራል። ፍሬንና ጋዝ ፋብሪካው ያሰበባቸው ናቸው፤ አዲሱ ጠላት የጎን ኃይሉ ነው። ባፍሉ መገደብ ያለበት ከግራ ወደ ቀኝና ከቀኝ ወደ ግራ የሚሸሸውን ዘይት ነው።

ሞተሩ ከፊት ሆኖ በካርዳን (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች በሚያደርስ ዘንግ) የሚነዳ እንደ ዌስትፊልድ ሜጋቡሳ ያለ መኪና ላይ ግን ሞተሩ 90 ዲግሪ ዞሮ ይቀመጣል። የመኪናው ግራና ቀኝ ለሞተሩ ፊትና ኋላ ሆነ። አንደኛው ኩርባ ለኮፓው እንደ ኃይለኛ ፍሬን፣ ተቃራኒው እንደ ኃይለኛ ጋዝ ነው። ይህ በጎ ጎን አለው፣ ግን መተማመኛ አይደለም፦ ሞተርሳይክል በሙሉ ኃይሉ ፍሬን የሚይዘው ለጥቂት ሰከንድ ሲሆን መኪና ረጅም ኩርባ ላይ ከዚያ እጥፍ ሊቆይ ይችላል። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ዘይቱ በሞተሩ ጎን በኩል፣ ፋብሪካው ባላሰበበት አቅጣጫ ይሸሻል።

ኮፓውን አውልቀው መሳቢያው ከአራቱም ግድግዳዎች ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ ይለኩ፤ ወረቀት ላይ ነድፈው የመኪናውን አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱ። መሳቢያው በጣም የሚርቀው ከየትኛው ግድግዳ ነው? ዘይቱ ወደዚያ ሲሸሽ ነው ቶሎ የሚጋለጠው። ጥርጣሬ ካለ ኮፓው ላይ ግልጽ ፕላስቲክ በሲሊኮን አትመው፣ ሁለት ሊትር ያህል ቀለም የገባበት ውሃ ጨምረው በየአቅጣጫው 45 ዲግሪ ያዘንብሉት። ክዳኑ ላይ የመሳቢያው አፍ የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት ካደረጉ ውሃው ከምልክቱ ሲሸሽ በዓይን ይታያል። ሙከራው ከእውነታው የተሻለ መልክ እንደሚያሳይ ግን አይርሱ፤ ክዳኑ ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል፣ ባፍል የሌለው ሞተር ውስጥ ግን ዘይቱ ሽቅብ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ያመልጣል።

ከመግዛት በፊት መለካት

ከፋብሪካ የመጣው የዘይት መብራት ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚበራው ግፊቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው፤ በ10,000 ዙር ያ ሲሆን ጉዳቱ ደርሷል። በዋናው የዘይት መስመር ላይ፣ ከማጣሪያው በኋላ፣ እስከ 10 ባር የሚያነብ ኤሌክትሪክ ሴንሰር ይግጠሙ። በጃፓን ሞተሮች የዘይት ግፊት መቀየሪያው (ስዊቹ) የሚታሰርበት የቡሎን ጥርስ ብዙ ጊዜ ሾጣጣ ስለሆነ ተመሳሳይ ይመስላል ብለው ሌላ ጥርስ አያስገድዱ፤ የአሉሚኒየሙ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ሴንሰሩ ከባድ ከሆነ በአጭር ቱቦ አውጥተው ሻንሲው ላይ ይግጠሙት፤ ሞተሩ ላይ በቀጥታ ከተንጠለጠለ ንዝረቱ አንገቱን ይቆርጠዋል።

ከዚያ ዘይቱ ሲሞቅ ቀጥታ መንገድ ላይ በየዙሩ ያለውን ግፊት ይመዝግቡ፤ መነሻው እሱ ነው። ማስጠንቀቂያ መብራቱን ከዚያ በታች፣ ለምሳሌ የሞቀው ሞተር ከ6,000 ዙር በላይ 4 ባር የሚያሳይ ከሆነ 2.5 ባር ላይ፣ እንዲበራ ያድርጉ። መብራቱ ትልቅና ደማቅ፣ ከሾፌሩ ዓይን ፊት ይሁን፤ ኩርባ ላይ ጌጅ የሚያይ ሾፌር የለም።

በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመዘግብ ሎገር ካለ ግፊቱንና የጎን ጂውን አንድ ላይ ሲያዩ ሕመሙ ራሱን ይናገራል። ግፊቱ የሚወርደው መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ በፍጥነት ሲገለበጥ ብቻ ከሆነ ዘይቱ እየተናጠ ነው፤ በር ያለው ባፍል ይፈውሰዋል። ኩርባው ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ የሚወርድ ከሆነ ዘይቱ ወደ መሳቢያው እየተመለሰ አይደለም፤ ባፍል ብቻውን ላይበቃው ይችላል። ቀጥታ መንገድ ላይ፣ በከፍተኛ ዙር፣ ዘይቱ ሲሞቅ የሚወርድ ከሆነ ግን ነገሩ ከኩርባ ጋር አይገናኝም፦ የሙቀት፣ የአረፋ፣ የግፊት ማስለቀቂያ ቫልቩ ወይም ያለቀ ብሮንዚና ጉዳይ ነው። በሦስተኛው ሕመም ላይ አኩሙሌተር መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ዘይት ጨምሮ መንዳት

ከከፍተኛው ምልክት በላይ ከ0.3 እስከ 0.5 ሊትር መጨመር ምንም ወጪ የለውም፣ ይረዳልም። ከላይ ባየነው ምሳሌ የ10 ሚሊሜትር ጥልቀት ልዩነት የሚያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። ነገር ግን በሞተርሳይክል ሞተር ውስጥ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው በዚሁ ዘይት ነው የሚሠሩት። መጠኑ ሲበዛ ማርሾቹና የፍሪሲዮኑ ቅርጫት ዘይቱን ይንጣሉ፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ኃይል ይባክናል፣ አረፋ ይበዛል፣ በመተንፈሻውም ዘይት ይተፋል። የተተፋው ዘይት የኋላ ጎማ ላይ ካረፈ ሌላ አደጋ ነው፤ መተንፈሻው ቢያንስ ባለ 1 ሊትር ማጠራቀሚያ ይኑረው።

ሌላው ወጥመድ መመልከቻው መስታወት ነው። ሞተሩ በመኪናው ውስጥ ሞተርሳይክሉ ላይ ከነበረበት ማዘንበል የተለየ ከሆነ የፋብሪካው ምልክት ውሸት ይናገራል። ዘይቱን በሊትር ለክተው፣ ከማጣሪያው ጋር በአምራቹ የተጻፈውን መጠን ጨምረው፣ መኪናው ጠፍጣፋ መሬት ላይ ቆሞ አዲስ ምልክት ያድርጉ።

ዘይት መጨመር የሌሎቹ መፍትሔዎች ረዳት ነው። ለብቻው የሚበቃው በተራ የመንገድ ጎማ፣ በአጫጭር ኩርባ ለሚነዳ መኪና ነው።

ባፍል

የመጀመሪያው ገንዘብ መውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው። በሚገባ የተሠራ ባፍል የሌለው ኮፓ ላይ ሌላ ነገር መጨመር የሚፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ እንደመደርደር ነው።

ባፍል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ ሆኖ በኮፓውና በሞተሩ መካከል ይታሰራል። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ ዘይቱ በግድግዳው ሽቅብ ወደ ክራንክ ሻፍቱ እንዳይወጣ ክዳን ይሆናል። ሁለተኛ በመሳቢያው ዙሪያ በአራት ግድግዳ የታጠረ ክፍል ይፈጥራል፤ ግድግዳዎቹ ላይ ያሉት በሮች ወደ ውስጥ ብቻ ይከፈታሉ፤ ዘይት ወደ መሳቢያው ይገባል፣ ሲሸሽ ግን በሩ በራሱ ግፊት ይዘጋል። በር የሌለው፣ ቀዳዳ ያለው ላሜራ ብቻ የሆነ ባፍል መጀመሪያውን ሥራ እንጂ ሁለተኛውን አይሠራም። 1 ጂ አካባቢ ለሚነዳ መኪና ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግን በር ያለውን ይምረጡ።

ሲገጠም መታየት ያለባቸው፦

መሳቢያው ከኮፓው ወለል ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ይራቅ። ከዚህ ካነሰ መሳቢያው ራሱ ይታነቃል፤ ከበዛ ከታች ያለው ዘይት ሳይደረስበት ይቀራል። ባፍሉና ሁለት ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በመካከል የሚገባ ማኅተም) ሲጨመሩ ኮፓው ወደ ታች ስለሚወርድ ርቀቱ ይለወጣል። መሳቢያው ላይ ጭቃ መሰል ፕላስቲሲን አስቀምጠው ኮፓውን ያለ ሲሊኮን አስረው ይፍቱት፣ የተጨፈለቀውን ውፍረት ይለኩ።

በብዙ ሞተሮች የግፊት ማስለቀቂያ ቫልቩ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ባፍሉ ከነካው ወይም መውጫውን ከዘጋው ግፊቱ ያብዳል። ዙሪያውን ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዉለት።

ከላይ የሚወርደው ዘይት መመለሻ ይፈልጋል። ባፍሉ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ ዘይቱ ከላዩ ይቀመጥና ከታች እጥረት ይፈጠራል፤ መከላከያው ራሱ በሽታ ሆነ ማለት ነው። ከሰንሰለቱ ክፍልና ከካምቢዮው በኩል ሰፊ ቀዳዳ መኖሩን ያረጋግጡ።

በሮቹ በጣት ሲገፉ ያለ ችግር ይከፈቱ፣ ሲለቀቁም ይመለሱ። ማጠፊያው ላይ ያለ ሻካራ ጠርዝ በሩን ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። ብየዳ ካለ ብናኙን አጥበው፣ በተጨመቀ አየር ነፍተው፣ እንደገና ይጠቡ። ውስጥ ያለ ቡሎን ሁሉ በቡሎን ማጣበቂያ ይታሰር፤ የሚቻል ከሆነም በሽቦ ይታሰር። እዚያ የተፈታ ቡሎን መጨረሻው ፓምፑ ነው።

የመሳቢያው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበቱ) አዲስ ይሁን። ጠንክሮ የተሰነጠቀ ኦሪንግ አየር ያስገባና ልክ እንደ ኩርባ እጥረት ያስመስላል፤ ብዙ ሰው ባፍል ቀይሮ ቀይሮ የማያገኘው ስሕተት ይህ ነው።

ኮፓውን መቁረጥና ማስፋት

የሞተርሳይክል ኮፓ ጥልቅ ስለሆነ ሞተሩን ወደ መሬት ማውረድ የሚፈልግ ሰው ቆርጦ ያሳጥረዋል። ያለ ሌላ ለውጥ ማሳጠር ዘይቱን ቀንሶ ችግሩን ማባባስ ነው። ትክክለኛው አሠራር ከታች የተቆረጠውን መጠን በጎን በኩል ክንፍ አውጥቶ መመለስና በክንፎቹ አፍ ላይ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ በሮች መሥራት ነው። መሳቢያውም አብሮ ይቆረጣል፤ የተበየደውን ቱቦ አንዱን አፍ ዘግተው ውሃ ውስጥ በአየር ይፈትሹ፣ አንዲት አረፋ እንኳ ከወጣች እንደገና ይበየድ። ሞተሩ የግድ መውረድ ካለበትና ድራይ ሳምፕ ከአቅም በላይ ከሆነ ይህ ጥሩ አማካይ ነው። ቁመት የማያስቸግር ከሆነ ግን የፋብሪካውን ጥልቅ ኮፓ ከባፍል ጋር መተው ይሻላል።

ዘይቱን ተከትሎ የሚወዛወዝ መሳቢያም አለ። ለቀጥታ ፍጥነት ውድድር በተዘጋጁ ሃያቡሳዎች ላይ ሥራውን ይሠራል፣ ምክንያቱም ዘይቱ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። በትራክ ላይ አቅጣጫው በየሰከንዱ ስለሚቀያየር መሳቢያው ሁልጊዜ ከዘይቱ ኋላ ይደርሳል፤ መገጣጠሚያው ሲያልቅም አየር ያስገባል። ለዚህ ሥራ አንመክረውም።

አኩሙሌተር

አኩሙሌተር በአንድ በኩል አየር፣ በሌላው ዘይት፣ መካከል ላይ ፒስቶን ያለው ሲሊንደር ነው። የሞተሩ ግፊት ሲበረታ ዘይት ይሞላል፤ ሲወርድ አየሩ ዘይቱን ወደ ዋናው መስመር መልሶ ይገፋል። አኩሳምፕ በሚል ስም የሚሸጠው የካንተን ምርት በ1፣ በ2 እና በ3 ኳርት ይገኛል፤ በግምት 0.95፣ 1.9 እና 2.8 ሊትር ማለት ነው።

እዚህ ላይ በሊትሩ ቁጥር መታለል ቀላል ነው። 1.9 ሊትሩ ሁሉ ለሞተሩ አይደርስም። ሲሊንደሩ ከዘይት ባዶ ሆኖ በ0.5 ባር አየር ቢሞላና ሞተሩ 4 ባር ቢሰጥ ውስጡ የሚገባው ዘይት 1.3 ሊትር ያህል ነው። ግፊቱ ከ4 ወደ 2 ባር እስኪወርድ ድረስ የሚወጣው ደግሞ 0.4 ሊትር አይሞላም፤ ወደ 1 ባር ቢወርድ እንኳ 0.85 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ አኩሙሌተር የሚገዛልን ጊዜ አጭር ነው። ለአጭር መቆራረጥ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሰባት ሰከንድ ሙሉ ባዶ ለሚሆን መሳቢያ ግን መድኃኒት አይደለም።

በሞተርሳይክል ሞተር ላይ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ያ 1.3 ሊትር የሚመጣው ከኮፓው ነው። ጠቅላላው 3.5 ሊትር በሆነ ሞተር ውስጥ ያንን ሳይተኩ አኩሙሌተር መግጠም ኮፓውን በገዛ እጅ ማራቆት ነው። ዘይቱን ይጨምሩ፤ ከዚያ ግን ቫልቩን ሳይዘጉ ሞተሩን ካጠፉ ያ ሁሉ ዘይት ወደ ኮፓው ይወርድና በሚቀጥለው ማስነሳት ሞተሩ ከልክ በላይ ተሞልቶ ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ሞተሩ እየሠራ፣ ግፊት እያለ ቫልቩ ይዘጋል፤ ቀጥሎ ሞተሩ ይጠፋል። ለማስነሳት መጀመሪያ ቫልቩ ይከፈታል፣ ጌጁ ግፊት ሲያሳይ ሞተሩ ይነሳል። ብሮንዚናዎቹ ከመዞራቸው በፊት ዘይት ስለሚያገኙ ለብዙ ጊዜ ቆሞ ለሚነሳ ሞተር ይህ ብቻውን ትልቅ ጥቅም ነው።

በእጅ የሚዘጋው ቫልቭ ርካሽና አስተማማኝ ነው፤ የሚረሳው ሾፌሩ ነው። በግፊት መቀየሪያ የሚታዘዘው ኤሌክትሪክ ቫልቭ ራሱ ይከፈታል፤ ከ20–25፣ ከ35–40 እና ከ55–60 ፒኤስአይ (ሌላው የግፊት መለኪያ) ላይ የሚሠሩ አሉ። ከሞቀው ሞተር መነሻ ግፊት በግልጽ ዝቅ ያለውን ይምረጡ፤ 4 ባር ለሚሰጥ ሞተር መካከለኛው (ከ2.4 እስከ 2.8 ባር ገደማ) ይስማማል። የመጨረሻው 4 ባር አካባቢ ስለሚሠራ እዚያ ሞተር ላይ ያለማቋረጥ ይከፈት ነበር።

ቱቦው አጭርና ሰፊ ይሁን፤ ከኤኤን-10 (የቱቦ ስፋት ቁጥር) የቀጠነ ቱቦ ዘይቱን በሰዓቱ አያደርስም። ከፓምፑ በኩል ወደ ኋላ እንዳይመለስ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ሲሊንደሩ ሾፌሩ ካለበት ክፍል ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ በውስጡ በግፊት የታመቀ ትኩስ ዘይት ነው ያለው።

ድራይ ሳምፕ

በድራይ ሳምፕ ዘይቱ በሞተሩ ሥር አይጠራቀምም። መላሽ ፓምፖች ከወለሉ እየጠረጉ ወደ ረጅም ታንክ ይልኩታል፤ የግፊት ፓምፑ ከታንኩ ሥር ይስባል። ታንኩ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ዘይቱ ቢያዘነብልም ሥሩ አይራቆትም። የውድድር መኪናው ራዲካል ኤስአር3 ከሃያቡሳ የመነጨውን ሞተሩን በድራይ ሳምፕ የሚይዘው ስሊክ ጎማና ክንፍ የሚያመጡትን ኃይል ዌት ሳምፕ (ዘይቱ በሞተሩ ሥር ኮፓ ውስጥ የሚቀመጥበት የተለመደው ሥርዓት) ስለማይችለው ነው። የሞተሩ ወለል ስለሚሳሳ ሞተሩ ጥቂት ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ ለመኪናው አያያዝም ይጠቅማል።

የሞተርሳይክል ሞተር ልዩ ጠባዩ ካምቢዮው በዚያው ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። ማርሾቹ የሚረጩት ዘይት ከኋላ ይሰበሰባል፤ አንድ መላሽ ብቻ ያለው ሥርዓት ከፊት እየሳበ ከኋላ ይተወዋል። ቢያንስ ሁለት መሳቢያ፣ በሁለት ተቃራኒ ጫፍ፣ እያንዳንዱ የራሱ ፓምፕና ወንፊት ያለው ይሁን። ሁለቱን በአንድ ቱቦ አገናኝቶ ለአንድ ፓምፕ መስጠት አይሠራም፤ አንዱ አፍ አየር ሲያገኝ ፓምፑ ቀላሉን አየር ስቦ ዘይቱን ይተወዋል።

መላሾቹ ዘይትና አየር አብረው ስለሚስቡ ድምር አቅማቸው ከግፊት ፓምፑ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይበልጥ። ብዙ ሰው የሞተሩን የራሱን ፓምፕ ለግፊት ይተወውና መሳቢያውን ወደ ታንኩ በሚሄድ መገጣጠሚያ ይለውጠዋል፤ መላሾቹን ከውጭ በቀበቶ ያሽከረክራል። ጥሩ አሠራር ነው፤ የሚስበው ቱቦ ግን ኤኤን-12 ወይም ከዚያ የሰፋ፣ መምጠጥ የማያጣብቀው፣ ያለ ሹል ማጠፊያ መሆን አለበት። የታንኩ ሥር ከፓምፑ መግቢያ በታች አይሁን።

ታንኩ ከ4 እስከ 6 ሊትር ዘይት ይዞ ከላዩ ሲሶ ያህል ባዶ ይኑረው። የሚመለሰው ዘይት በግድግዳው ዙሪያ እየተሽከረከረ እንዲገባ ከጎን ይግባ፤ አየሩ የሚለየው በዚያ ጉዞ ነው። መተንፈሻው ከአናቱ ወጥቶ ወደ ማጠራቀሚያ ይሂድ።

የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። ቀበቶው ሲበጠስ መመለስ ይቆምና ታንኩ ወደ ሞተሩ ይፈሳል፤ ከውጭ ጠጠር እንዳይነካው መከለያ ያድርጉለት። ለሳምንታት የቆመ መኪና ዘይቱ በፓምፑ በኩል ቀስ ብሎ ወደ ሞተሩ ይወርዳል፣ ታንኩ ባዶ ይመስላል፤ ይህን አይቶ ዘይት የሚጨምር ሰው መጨረሻው በመተንፈሻ የሚተፋ ሞተር ነው። መጠኑ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ወይም ወዲያው እንደጠፋ ነው። መጀመሪያ ሲነሳ ቱቦዎቹንና ፓምፑን በዘይት ሞልተው፣ ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ ጌጁ ግፊት እስኪያሳይ በስታርተር ያዙሩ። ዘይቱ ብዙ ስለሆነ ለመሞቅም ይዘገያል፤ 60 ዲግሪ ሳይደርስ ከፍተኛ ዙር አይስጡት።

ለየትኛው መኪና የትኛው?

በመንገድ ጎማ የሚነዳ፣ ክንፍ የሌለው፣ አጫጭር ኩርባ ባለበት ቦታ የሚሮጥ መኪና በር ያለው ባፍልና 0.3 ሊትር ትርፍ ዘይት ይበቃዋል። ገንዘቡ ቢተርፍ ወደ ጌጅና ማስጠንቀቂያ መብራት ይሂድ።

ለውድድር በተሠራ ለስላሳ የመንገድ ጎማ ከ1.2 እስከ 1.4 ጂ የሚያወጣ፣ ረጅም ኩርባ ባለው ትራክ የሚነዳ መኪና በባፍል ይጀምር፤ ሎገሩ ከዚያ በኋላም አጫጭር የግፊት መውደቆች ካሳየ ባለ 2 ኳርት አኩሙሌተር ይጨመር። ባለ 1 ኳርቱ ቦታ ይቆጥባል፣ የሚሰጠው ግን ከላይ ለባለ 2 ኳርቱ ያሰላነውን ግማሽ ብቻ ነው። ሁለቱ ተደርገውም ግፊቱ ከሁለት ሰከንድ በላይ የሚወርድበት ኩርባ ካለ ሌላ አኩሙሌተር አይግዙ፤ ዌት ሳምፑ ከአቅሙ አልፏል።

ስሊክና ክንፍ ያለው፣ 1.5 ጂ እና ከዚያ በላይ የሚይዝ መኪና በቀጥታ ወደ ድራይ ሳምፕ ይሂድ። ውስጡ በውድ ዕቃ የተሠራ ሞተር ያለውም እንዲሁ። ነገር ግን በጥድፊያ የተሠራ፣ ጠባብ ቱቦ ያለው፣ በአንድ መላሽ የሚሠራ ድራይ ሳምፕ በጥንቃቄ ከተሠራ ባፍል ይከፋል። ሙሉውን መሥራት ካልተቻለ እስኪቻል ድረስ በባፍል፣ በአኩሙሌተርና መሬት የመያዝ አቅሙ ትንሽ ዝቅ ባለ ጎማ መንዳት የተሻለ ውሳኔ ነው።

ስለ ዘይቱ አጭር ነገር፦ ፍሪሲዮኑ በዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (የጃፓን የሞተርሳይክል ዘይት ደረጃዎች) የተጻፈበትን ይጠቀሙ። ኤምቢ የተጻፈበትና ነዳጅ ቆጣቢ የተባለ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ ከሞተርሳይክሉ በሚከብድ መኪና ላይ ደግሞ ቶሎ ያንሸራትተዋል። ዘይቱ ከ110 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ከሆነ ከ10ደብልዩ-40 ወደ 15ደብልዩ-50 መሄድ ይረዳል፣ ማቀዝቀዣ መጨመር ግን ይበልጣል። ወፍራም ዘይት የተጋለጠ መሳቢያን አይሸፍንም።

መብራቱ ከበራ በኋላ

ኩርባ ላይ መብራቱ ብልጭ ካለ ጋዙን ይልቀቁ፣ መሪውን ያቃኑ፣ ፍሪሲዮን ይያዙ፤ ግፊቱ ከተመለሰ በዝቅተኛ ዙር ወደ ማቆሚያ ይግቡ። ካልተመለሰ ሞተሩን እዚያው ያጥፉት።

የዘይት ማጣሪያውን አውጥተው በቆርቆሮ መቁረጫ ይክፈቱት። በመጋዝ አይቁረጡት፤ የመጋዙ ብናኝ ከብሮንዚናው ብናኝ አይለይም። ወረቀቱን ዘርግተው ሁለት ጣት መካከል ይጭመቁት፣ ብርሃን ላይ ይዩት። ማግኔት የሚያነሳው ጥቂት ደቃቅ ብናኝ የካምቢዮው ማርሾች ተራ መፋቅ ሊሆን ይችላል። ማግኔት የማያነሳው፣ ብርማ ወይም መዳብ ቀለም ያለው ስስ ቅርፊት ግን ብሮንዚና ነው። ያ ከታየ ኮፓው ይውረድ፣ የቢየላ ክዳኖቹ ይፈቱ፣ ብሮንዚናዎቹ በዓይን ይታዩ፤ ገጻቸው የተፋቀ ወይም መዳብ የታየበት ካለ ሁሉም ይለወጡ፣ የክራንክ ሻፍቱ አንገቶችም በማይክሮሜትር ይለኩ። የዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ የገባ ብናኝ በመታጠብ አይወጣምና ማቀዝቀዣው በአዲስ ይተካ፤ አኩሙሌተሩም ተፈቶ ይጽዳ፣ ካልሆነ የተጠራቀመውን ብናኝ በመጀመሪያው ኩርባ አዲሱ ብሮንዚና ላይ ያፈሰዋል።